የሳፋው ልዋጭ

«ይሄ ሳፋ ግን ጥሩ ነው፣ እትዬ። ጠርዙ አይቆርጥም፤ እማዬ እግሯን ስታሳርፍበት አያማትም።»

ወንድሟ ይህን ያለው ከውስጠኛው ክፍል፣ ከእናታቸው አልጋ ሥር በርከክ ብሎ ነው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ በፊተኛው ክፍል፣ መንገዱን በሚያየው በር አጠገብ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ ትቀመቅም ነበር። ቃሉ ጆሮዋ ሲገባ እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ፤ መርፌውም ጨርቁን እንደነከሰ ቀረ። ሳፋውን ሲያሞግስ የዛሬው የመጀመሪያው አይደለም። አንድ ቀን ጥልቀቱን ያነሳል፣ ሌላ ቀን ቀለሙን፣ ሌላ ቀን ደግሞ እንደ ድሮው የብረት ሳፋ አለመቀዝቀዙን። ሰው ለአንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳፋ ይህን ሁሉ ምስጋና ከየት ያመጣል? ሌላ ቤት ቢሆን ሳፋ ሳፋ ነው፤ ይታጠቡበታል፣ ይደፉታል፣ ግድግዳ ያስደግፉታል። በዚህ ቤት ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ትደነግጣለች። ሳፋው የመጣው በወንድሟ አምላክ ልዋጭ ነዋ። እሱማ አምላክ አይደለም ይላል። ታዲያ እሷ ምን ብላ ትጥራው?

ሰፈርተኛው ወንድሟን መርከበኛው ይለዋል። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ሥራው ጭነት መርከብ ላይ ድንች መላጥና ድስት ማማሰል ነው። እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ የቡድሃን መንገድ የሚከተሉ አንድ ሽማግሌ አለቃ ነበሩት፤ ከእሳቸው ጎን ቆሞ ሽንኩርት ሲከትፍ ኖሮ ኖሮ እሱም በዚያው ገባ። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ፣ ጆሮው ረዘም ያለ የነሐስ ምስል ሰጡት። እናታቸው ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ ጊዜ ፈቃድ ወስዶ ሲመጣ ያንን ምስል ይዞ መጣና የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት እሱ ብቻ ስለሆነ የእናቱ ክፍል መስኮት ላይ አስቀመጠው። ማለዳ እናቱ ሳትነቃ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ቁጭ ይላል። አይዘምርም፣ አያነብም፣ ከንፈሩን እንኳ አያንቀሳቅስም። ልብስ ሰፊዋን ከሁሉም የከበዳት ይህ ዝምታ ነበር። ጎረቤቷ ሙስሊም ናት፤ አንድ ግድግዳ ተጋርተው ልጅ አሳድገዋል፤ ያቺ በራሷ ስትጸልይ ይቺ በራሷ ስትጸልይ አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅም። የሁለቱም ጸሎት ወደ ላይ ነው፣ ሰሚ አለው። የወንድሟ ግን ወደየት እንደሚሄድ አልገባትም።

ነገሩን ያባባሱት አክስቷ ናቸው፣ የአባቷ እህት። በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተው ወንበር ከመሳባቸው ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ተተከለ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ቡድሃ ነው። የሱ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እንዳፈረችበት ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ይጾማሉ?»

«ሥጋ አይበላም። ለሌላው ይጠብሳል እንጂ እሱ አይቀምስም።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

«መጠጥስ?»

«በአፉ አይዞርም። ዝንብ እንኳ በጨርቅ ይዞ ነው የሚያስወጣው።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«አምላክ» አለች።

አክስቷ አፋቸውን ያዙ። እንግዲህ ያ ነገር ራስጌዋ ላይ ተጎልቶ የእኛ ጸሎት በየት በኩል ሊገባ ነው አሉ። በሳምንቱ ከማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር መጥተው ሊጸልዩላት ቀጠሮ ያዙና ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «እንዳናገኘው» አሏት። የቀጠሮው ቀን ወንድሟ መድኃኒት ሊገዛ እንደወጣ፣ መንገዱ ላይ «ልዋጭ! ልዋጭ አለ!» የሚል ድምፅ መጣ። አሮጌ ዕቃ ሰብስቦ በአዲስ ፕላስቲክ የሚለውጠው ሰውዬ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አላሰበችበትም ቢባል ውሸት ነው፤ አስባበታለች። ምስሉን በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። ሰውዬው በመዳፉ መዝኖ አረንጓዴውን ሳፋ ዘረጋላት፤ እሷም ሳትከራከር ተቀበለች። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ቁልፍ ዋጋ ስትሟገት የኖረች ሴት፣ ያን ቀን ቶሎ መገላገል ነበር የፈለገችው።

ወንድሟ ተመልሶ ጸሎተኞቹን ሲያገኝ ሻይ አፍልቶ ለእያንዳንዳቸው በሁለት እጁ አቀረበ። እንግዶቹ ሲሄዱ መስኮቱን አይቶ፣ «እትዬ፣ እዚህ ላይ የነበረውን አይተሻል?» አላት።

«ምኑን?» አለች።

ይቺ «ምኑን» ናት እስከ ዛሬ የምትቆጠቁጣት። መስጠቷንስ ለእናቴ ብዬ ነው ትላለች፤ ለ«ምኑን» ግን ምክንያት አላገኘችም። ጭራሽ ዓይኗን በጨው አጥባ አብራው ፈለገች። ፍራሹን ብድግ አደረገች፣ በጉልበቷ ተንበርክካ አልጋ ሥር በስልኳ መብራት አበራች፣ «ድመት ይዛው ሄዳ ይሆን?» ብላም ጠየቀች። ድመት ነሐስ ምን ያደርግላታል? ወንድሟ ጉልበቷ ላይ የተጣበቀውን አቧራ አራገፈላትና፣ «ተይው፣ እትዬ፤ ዕቃ ነው» አለ። ቢጮህባት መልስ አዘጋጅታ ነበር። ማን በአባትህ ቤት ጣዖት አምጣ አለህ ልትለው፣ ለእናትህ ሕይወት ብዬ ነው ልትለው፣ ሁሉን ደርድራ ነበር። አልጮኸም። ማለዳ ማለዳም እንደ ወትሮው ባዶው መስኮት ፊት ቁጭ ማለቱን ቀጠለ።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ሊሄድ ነው። ወደ መርከቡ ተጠርቷል፤ ወደ ወደቡ የሚወስደው መኪና ሥራ ሲያበቃ ከበር ያነሳዋል። ልብስ ሰፊዋ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነው ያደረችው። ዛሬ ካልነገረችው ባሕር ላይ ሆኖ አትነግረውም፤ እንደዚሁ በሆዷ ይዛው ልትኖር ነው።

ረፋድ ላይ ጎረቤቷ የልጇን ቀሚስ ልትወስድ ገባች። ሰባት ልጅ ስላላት እመ ብዙ ይሏታል፤ ሰባቱም ደግሞ ጉልበት ላይ የሚቀደድ ልብስ እንጂ ሌላ አይለብሱም። ቀሚሱን ብርሃን ላይ ዘርግታ፣ «ይቺ ልጅ እኮ ትረዝማለች፤ ትንሽ ብትተይላትስ?» አለች። ልብስ ሰፊዋ የውስጡን እጥፋት ገልጣ ለዓመት የሚሆን መተዋን አሳየቻት። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ክር መወደድ፣ ስለ መርከበኛው መንገድ አወሩ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ እንደ ዋዛ፣ ክር እየበጠሰች፣ «በእናንተ ሰው ሰውን ቢበድል እንዴት ነው?» ብላ ጣል አደረገች።

«እንዴት ነው ማለት?»

«ከጸለየ ፈጣሪ ይተውለታል ወይ ማለቴ ነው።»

እመ ብዙ ቀሚሱን እያጠፈች አሰበችበት። «ያንቺና የፈጣሪ የሆነውን ፈጣሪ ይምርሻል። የሰው ሐቅ ከሆነ ግን ባለቤቱ ራሱ አፉ ካላለሽ እሱም አይገባበትም» አለችና ቀና ብላ አየቻት። «ማንን በደልሽ ደግሞ?»

«ደንበኛ ናት። ጨርቅ አበላሽቼባት።»

እመ ብዙ ጨርቅ ከሆነ ትክሻታለሽ ብላ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ እንደገና ዋሸች፤ አሁን ደግሞ ለጎረቤቷ። በራሷ በኩል ያለውን መንገድማ ሞክራዋለች። ቄሱ ዘንድ ሄዳ ስትናዘዝ፣ ጣዖት መጣል ምኑ ኃጢአት ነው፣ ለውሸቱ ብቻ ስገጂ ብለው አሰናበቷት። ሰገደች። ጉልበቷ እስኪቆስል ሰገደች። እግዚአብሔር ይቅር ብሏት ይሆናል፤ ቤት ስትገባ ግን ሳፋው ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቃት።

ምሳ ላይ ሦስቱም በእናታቸው ክፍል ነበሩ። እናታቸው በልታ ሸለብ አድርጓታል፤ ወንድሟ ሸሚዞቹን እየጠቀለለ ሻንጣው ውስጥ ይደረድራል። ሻንጣው ጥግ ላይ መዳፍ የምታክል ባዶ ቦታ ትቶ ነበር። ለምስሉ ትተህ ነው ወይ ብላ ልትጠይቀው ፈራች። ይልቅ ሌላውን ጠየቀችው።

«በናንተ ግን ይቅር የሚለው ማነው?»

«ማንም» አለ ሳያስብ።

«እንዴት ማንም? እኛ ዘንድ እግዚአብሔር አለ። እነ እመ ብዙም አላቸው።»

ወንድሟ ሸሚዙን ጭኑ ላይ አሳረፈ። «አንቺ ጨርቅ ስትቆርጪ መቀሱ ቢስትሽ ማን ይቅር ይልሻል? ጨርቁ ተቆርጧል። የተሳሳትሽበትን ታይዋለሽ፤ የሚቀጥለውን ደህና አድርገሽ ትቆርጪያለሽ። እኔ የተማርኩት ይህን ነው።»

«የተቆረጠውስ?»

«ያው የተቆረጠ ነው።»

እንዴት ያለ ጨካኝ ሃይማኖት ነው አለች በልቧ። የእሷስ ቢያንስ እግሩ ሥር ተደፍተው የሚያለቅሱበት አለ። ልትነግረው ከንፈሯ ላይ ደርሶ የነበረው ተመለሰ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። ልዋጩን ፈልጋ ምስሉን ብታስመልስ፣ ከአሮጌው ሣጥን ጀርባ ወድቆ አገኘሁት ብላ ሻንጣው ጥግ ላይ ብታኖረውስ? ውሸቱን በሌላ ውሸት መድፈኗ እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። ግን እሱ ዕቃውን ያገኛል፣ እሷም ታርፋለች። ክር አልቆብኛል ብላ ሳፋውን ሳይሆን የራሷን ኮት በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። በኮቱ ልትለውጠው ነው።

የልዋጮቹ ሰፈር ከገበያው ጀርባ፣ ከቆርቆሮ አጥሮች መሐል ነው። ጄሪካኑ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ የተላጠው ሽቦ ለብቻ ተከምሯል። ሰውዬውን አላጣችውም፤ አዳዲሶቹን ሳፋዎች እንደ ባርኔጣ ደራርቦ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ምስሉን ስትነግረው ወዲያው አወቀው።

«ጆሮ ረጅሙን? እሱማ ማቅለጫ ሄዷል። ይሄኔ የቧንቧ ራስ ሆኖ ይሆናል።»

የልብስ ሰፊዋ ዓይን ከሰውዬው ኋላ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ክንዱ የተሰበረ የነሐስ መስቀል አለ፤ ከአንድ መስጊድ ጣሪያ የወረደ ጨረቃም አለ። ሁለቱም አቧራቸው ተጠርጎ ጎን ለጎን ቆመዋል።

«እነዚህስ ነሐስ አይደሉም? ለምን አላቀለጥካቸውም?»

«እነዚህማ ባለቤት አላቸው» አለ ልዋጩ፤ ፈገግም አለ። «ነገ አንዱ አማኝ ደርሶ ሲያቀልጡት አየሁ ብሎ ቢያንቀኝስ? ለጆሮ ረጅሙ እዚህ አገር የሚያንቅ የለም።»

«እሱም ባለቤት ነበረው» አለች፤ ድምጿ እንደዚያ መሰበሩ እሷንም አስደነገጣት።

«አውቃለሁ፤ መጥቶ ነበር እኮ። ዝም የሚለው ወንድምሽ አይደል? አንቺ በሰጠሽኝ ማግስት መሰለኝ፣ እዚህ በር ላይ ሲያልፍ አየው። አንስቶ በእጁ ያዘው፤ በሸሚዙ ጠረገው። ከማን አገኘኸው ሲለኝ ነገርኩት፤ ምን አውቄ! ሳፋውን መልስና ውሰደው አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ሳፋውን እናቴ እግሯን ትታጠብበታለች ብሎ መልሶ አስቀመጠው። በገንዘብም ውሰደው ብዬዋለሁ። ተለውጧል፣ በቃ አለኝ። እንዲያውም ጥሩ ሳፋ ነው የሰጠሃት፣ ጠርዙ አይቆርጥም ብሎ አመሰገነኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው እኔ አላየሁም።»

ልብስ ሰፊዋ አመሰግናለሁ እንኳ ሳትል ዞረች። ኮቷን እንደታቀፈች መንገዱን በእግሯ ፈጀችው። ያውቅ ነበር። አብራው አልጋ ሥር ከፈለገችበት ማግስት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳፋውን ሲያመሰግንላት የኖረው ሁሉ በጆሮዋ ተመላለሰ፤ ጥልቀቱ፣ ቀለሙ፣ አለመቀዝቀዙ። እያሾፈብኝ ነበር ብላ ለመናደድ ሞከረች። ንዴቱ ቢመጣላት እንዴት በቀለላት ነበር፤ አልመጣም። ወንድሟ ሰው ላይ ሲያሾፍ አይታ አታውቅም። የመጣባት ሐፍረት ብቻ ነበር፤ ፊቷን እስከ ጆሮዋ አቃጠላት፣ የሚያውቋት ሰላም ሲሏት አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ቤት ስትደርስ ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። ወንድሟ ውኃ አሙቆ ሳፋውን ወደ ውስጠኛው ክፍል ሊያስገባ ነበር።

«ስጠኝ፤ ዛሬ እኔ ላጥባት» አለችው።

ሰጣት። ከእናቷ አልጋ ሥር ተንበረከከች፣ እግሯን አንስታ ውኃው ውስጥ አሳረፈች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን በዚህ ሳፋ አጥባት አታውቅም፤ ሥራ በዛብኝ እያለች ለሱ ስትተው ኖራለች። እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እጅሽ ሻካራ ነው፤ የሱ ይሻላል» አለች። መርፌ የወጋጋው የልብስ ሰፊ ጣት ነዋ። ወንድሟ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። ወደሱ ዞራ ማየት ስላቃታት ለውኃው ነገረችው።

«ልዋጩ ጋ ሄጄ ነበር።»

ከውጭ የአንድ ልጅ ኳስ የቆርቆሮውን በር መታና ተንከባለለ።

«ቀልጧል። አንተ አይተኸው ነበር አሉ። እያወቅህ ነው ስታመሰግንልኝ የኖርከው?»

«ጥሩ ስለሆነ ነው» አለ ወንድሟ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ «ሳፋውን ባነሳሁ ቁጥር ስትደነግጪ አያለሁ። ስለሱ ደጋግሜ ካወራሁ ሳፋ ብቻ ይሆንልሻል ብዬ ነበር» አለ።

የእናቷን እግር በሁለት እጇ እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። «ይቅር በለኝ።»

«እኔ ምንም አልያዝኩብሽም፣ እትዬ።»

እውነቱን ነው፤ አልያዘባትም። ለእሱ ነገሩ በዚህ አልቋል፤ ያልያዘ ሰው ምን ይለቃል? እሷ ግን አልበቃትም። የምትሰማው ቃል ፈለገች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን፣ አንድ ሰው ለሌላው ሲለው ደረት ላይ የተጫነውን የሚያነሳውን። እሱን ደግሞ ከዚህ ሰው መጠየቅ እንደማይገባት ታውቃለች። በቀን ብርሃን፣ በገዛ አፉ፣ በእኔ ዘንድ ይቅር የሚል የለም ብሏታል። ቀና ስትል ፊቷን አየው። ወንድሟ ባዶውን መስኮት አንድ ጊዜ ተመለከተና መጥቶ አጠገቧ በርከክ አለ። እርጥብ እጇን ያዛት። ከዚያ ከመርከቡም ከሽማግሌውም በፊት፣ ሁለቱም ልጆች ሳሉ ተጣልተው ሲታረቁ እናታቸው ታስብላቸው በነበረው ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ እትዬ» አላት።

«አሜን» አለች እናታቸው ከትራሷ ላይ። ተኝታ አልነበረም፤ ሁሉንም ሰምታለች።

ልብስ ሰፊዋ አሜን ለማለት አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። የሷን አምላክ ለሷ ብሎ፣ ሳያምንበት፣ እንዳይሰበር እንደሚያዝ ዕቃ በአፉ ይዞ አቀበላት። እሷ ግን የእሱን ያን አንድ ቀን እንኳ መስኮቱ ላይ ልትተውለት አልቻለችም። ይህን ልትነግረው ስትል መኪናው ከውጭ ጡሩምባውን ነፋ። ወንድሟ እናቱን ግንባሯን ሳማት፣ እህቱን ሁለት ጉንጯን ሳማት፣ ሻንጣውን አንስቶ ወጣ። ጎረቤቶቹ በር ላይ ሲሰናበቱት፣ እመ ብዙ መንገዱን እንዲያሳምርለት ስትመርቀው፣ እሱም ለእሷ አሜን ሲል ይሰማል። የመኪናው ድምፅ ከመታጠፊያው አለፈ።

«ውኃው ቀዘቀዘ እኮ» አለች እናቷ።

እግሯን አድርቃ ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰችላት። ሳፋውን ከነውኃው አቅፋ በጓሮው በር ወጣች፤ ደፋችው፣ አጠበችው፣ እንደገና አጠበችው። ከዚያ ባዶውን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ በድንግዝግዙ ውስጥ ቆመች። እውነቱን ነው፤ ጠርዙ አይቆርጥም።